ፑቻልካ፦ የቼኮች የጾም አተር

የቼክ ምግብ ሲባል የሰው ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አሳማ ጥብስ፣ ክኔድሊክ ወደሚሉት የተቀቀለ ሊጥና ወደ ቢራ ነው። እውነትም ነው፣ አልክድም። ግን ብርኖ በምትባለው የቼክ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ እኔን የበለጠ የማረከኝ ሌላው የወጥ ቤታቸው ገጽታ ነው፤ አተር፣ ምስር፣ የገብስ ክክ፣ እንጉዳይ፣ የቦካ ጥቅል ጎመን። የድሮ የጾም ምግብ ማለት ይኸው ነው። ከሁሉም የምወደው ደግሞ ፑቻልካ ነው፣ የአተር በቆልት ተጠብሶ።

ጾሙ የሚገባው ማሶፑስት የሚሉት ፌሽታ ባለቀ ማግስት ረቡዕ ነው። እስከ ፋሲካ እሁዶቹ ሳይቆጠሩ 40 ቀን። ድሮ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ስቡም እንቁላሉም ወተቱም ይቀር ነበር። ዛሬ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ቀለል ብሏል፤ በመጀመሪያው ረቡዕና በስቅለት አርብ ከ14 ዓመት ጀምሮ ከሥጋ መከልከል፣ ከ18 እስከ 59 ያለ ሰው ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ ጠግቦ መብላት። አብዛኛው ቼክ ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ መሆኑም የታወቀ ነው። የጾሙ እሁዶች ስም ግን እስካሁን ከሰው አፍ አልጠፋም። ሁለተኛው እሁድ ፕራዥና ይባላል፣ በተቆላ እህል ስም። ሦስተኛው የማስነጠስ እሁድ ነው፤ በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ያነጠሰ ዓመቱን ሙሉ ጤነኛ ይሆናል ይላሉ። (በርበሬ አሽትቶ ማስነጠስ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቄ ሳቁብኝ።)

ወደ አተሩ እንግባ። ሁሉ ነገር የሚወሰነው ሱቅ ውስጥ ነው። ሙሉ አተር፣ ልጣጩ ያልተገፈፈ መሆን አለበት። እሽጉ ላይ «ፑሌኒ» ካለ ክክ ነውና ተዉት፣ ክክ ሦስት ቀን ቢዘፈዘፍም አይበቅልም። ከዘር መሸጫም አትግዙ። ለመዝራት የተዘጋጀ አተር መድኃኒት የተለወሰ ሊሆን ይችላል። ለምግብ የሚሸጠው፣ ተራው፣ ርካሹ ይበቃል።

ለሁለት ሰው ሩብ ኪሎ ያህል በደንብ አጥባችሁ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ስለሚያብጥ ሰፋ ያለ ዕቃ ይሁን። አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ ወንፊት ላይ አስቀምጡትና እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ከዚህ በኋላ ሥራችሁ ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ ማጠንፈፍ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ውሃ ከተኛበት ይሸታል፣ ከደረቀ ደግሞ አይበቅልም። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲሞላው ልጣጩ በአንድ በኩል ይሰነጠቅና ነጭ ጭራ ብቅ ይላል። ጭራው ግማሽ ሴንቲሜትር ሲሆን እኔ እዚያው ላይ አቆመዋለሁ። በጣም ከረዘመ ሣር ሣር ማለት ይጀምራል። ከተሙለጨለጨ ወይም ጎምዛዛ ሽታ ካመጣ ያለ ርኅራኄ መጣል ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? አተሩ ሲበቅል በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር መቀየር ስለሚጀምር ነው። ብቅል የሚጣፍጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቅቤም ሥጋም ሳይገባበት የራሱ ጣዕም አለው፣ ለጾም የተመረጠውም ያለ ነገር አይመስለኝም።

አጠባበሱ ቀላል ነው፣ ግን አትቸኩሉ። ሰፊ መጥበሻ ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት። አተሩን ጨምሩ፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ክደኑት። ሩብ ሰዓት ያህል ይብሰል፣ ጥሬው በደንብ ካልበሰለ ሆድ ይነፋል። ከዚያ ክዳኑን አንስታችሁ እያማሰላችሁ ጥበሱት። መጀመሪያ የምትቀላው ጭራዋ ናት፣ ቀጥሎ ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፣ አንዳንዱም ጧ እያለ ይዘላል። አንዱን ቅመሱት፤ ውጩ ኮርሸም ውስጡ ለስለስ ካለ ደርሷል። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቁንዶ በርበሬ ደግሞ ሳትሰስቱ።

በማር ወይም በስኳር የሚበሉትም አሉ፣ ይህም የቆየ ወግ ነው። እኔ በጨው ይሻለኛል። ጣፋጭነቱ በተፈጥሮው ስላለ ማሩ ሲደረብበት ይሰለቸኛል። አሁን አሁን ደግሞ በአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ የሚጠብሱት አሉ፣ ይጣፍጥ ይሆናል፣ ግን ያኔ የጾም ምግብ ብላችሁ አትጥሩት። ከጎኑ የቦካ ጎመንና አንድ ቁራሽ የአጃ ዳቦ ከሆነ እራት ነው። ለብቻው በሳህን ከሆነ ደግሞ ፊልም እያዩ የሚቃም።

ከተረፈ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፣ በነጋታው ግን ኮርሻማነቱ የለም። ያኔ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ በውሃ ቀቅሉት፣ ግማሹን ደፍጥጡት፣ ቼኮች ለአተር ሾርባ የማይረሱትን ማዮራንካ የሚባል የደረቀ ቅጠል በእጃችሁ እያሻችሁ በትኑበት። ማዮራንካው ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው የሚገባው፣ ቀድሞ ከገባ ሽታው ይበናል።