ጥናቱ ማንን ይጠይቅ?

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ለሱስ ሕክምና አገልግሎት ዕቅድ የሚሆን ጥናት ስለማሠራት ስንከራከር ዋልን። ብርዱን ረስተነው ነበር። ብዙዎቹ የፈለጉት ስንት ሰው ይጠጣል፣ ስንት ይቅማል ብሎ መቁጠር ነው። እሺ፣ ይቆጠር፤ የዓለም ጤና ድርጅት 10 ጥያቄ ያለው የመጠጥ መጠይቅ አለው፣ ጤና ጣቢያ ላይም ይሠራል። ግን ቁጥር ብቻውን አገልግሎቱ የት ይከፈት፣ ማን ይሥራበት አይልም። ከመሐል ሜዳ ከተማ ለክትትል የሚመላለስ ሰው የትራንስፖርቱን ከየት ያመጣል? አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድገዋን እናትስ ማን ያናግራት? እሷን ጥፋተኛ አድርጎ ለሚጀምር ጠያቂ በሯንም አትከፍት። የ2011 አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ ሰፈር ውስጥ መታወቂያ የሚጠይቅ ግን አይቼ አላውቅም። በነገራችን ላይ ከሱስ የወጣ አንድም ሰው አልተጠራም ነበር። ለሚቀጥለው እንዲጠሩ ቃለ ጉባኤው ላይ አስይዣለሁ።