ድምፁ የተዘጋ ቪዲዮ

ዛሬ ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ ስሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቲክቶክ ስታይ ሰረቅ አድርጌ አየሁ (ታክሲ ውስጥ የሰው ስልክ የማያይ ማን አለ?)። ድምፁን ዘግታዋለች። ጽሑፍ የሌለውን ሁሉ በአውራ ጣቷ ገፋ እያደረገች ታልፋለች። አግድም የተቀረፀ ቃለ መጠይቅ ሲመጣ ስልኳን እንኳ አላዞረችም፤ ሰዎቹ ስክሪኑ መሃል ጉንዳን አክለው ቀሩ።

እኛ ቪዲዮ የምንሠራ ሰዎች ይህ አይታየንም፤ ኤዲት የምናደርገው በትልቅ ሞኒተር ነዋ! ለዩቲዩብ ረጅም ዝግጅት አግድሙ ይቆይ። ለአጭሩ ቪዲዮ ግን በቁሙ፣ 9 ለ 16፣ 1080 በ1920 ፒክስል። ጽሑፉን ወደ ታች ጠርዝ አታስጠጉት፣ የአካውንቱ ስምና መግለጫው ይሸፍነዋል፤ በቀኝ በኩልም የላይክና የሼር ምልክቶቹ አሉ። ከመልቀቃችሁ በፊት በስልካችሁ፣ ድምፁን ዘግታችሁ፣ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ እዩት።

እናንተስ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ከፍታችሁ ነው የምታዩት?