የአክስቴ ግማሽ ክኒን

አክስቴ ክኒኗን ለሁለት እየከፈለች እንደምትውጥ ያወቅሁት ጥር ላይ መሐል ሜዳ ልጠይቃት የሄድኩ ጊዜ ነው። የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ አሳየችኝ፤ በቢላ የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የተፈረፈረ። እንቅርቷ በቀዶ ጥገና ሲወጣ የታይሮይድ ዕጢዋ አብሮ ወጥቷል። ዕጢው ይሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካላት ይህ ክኒን ብቻ ነው፤ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ። «ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ አልቋል ሲሉኝ ምን ላድርግ ልጄ? አብቃቃሁት» አለችኝ። ፊቷ አብጧል፣ ድምጿ ጎርንኗል፣ ሁለት ጋቢ ደርባም ይበርዳታል። እኔ ነርስ ነኝ። እንቅርቷ የወጣ ጊዜ «ተገላገለች!» ብዬ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ክኒኑ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያሉት የማርሻል ደሴቶች ሰዎች ከሐሳቤ አልወጡም። የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም. አሜሪካ ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው ቢኪኒ ላይ 15 ሜጋቶን (የ15 ሚሊዮን ቶን ፈንጂ) ጉልበት ያለው የሃይድሮጂን ቦምብ አፈነዳች። አመዱ ሰዎች በሚኖሩባት በሮንጌላፕ ደሴት ላይ እንደ ዱቄት ወረደ፤ ልጆች ተጫወቱበት፣ የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ከደሴቷ የተነሡት 2 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። አመዱ ውስጥ ጨረር ያለው አዮዲን ነበረበት። ታይሮይድ አዮዲን ይሰበስባል፤ ጨረር ያለውን ከሌለው አይለይም። የሕፃን ዕጢ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ከ9 ዓመት በኋላ አንገታቸው ላይ እባጭ መታየት ጀመረ። ብዙዎቹ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው እንደ አክስቴ ክኒን ጠባቂ ሆኑ፤ ያውም መርከብ ካልመጣ ምንም በማይገኝበት ባሕር መሐል።

የአሜሪካ ሐኪሞች በመርከብ እየመጡ አንገታቸውን ይዳብሱ፣ ደማቸውን ይወስዱ ነበር፤ ከዚያ ይሄዳሉ። የደሴቶቹ ሰዎች ያጠኑናል እንጂ አያክሙንም ብለው አማረሩ። እኔ አምናቸዋለሁ። ከቀያቸው ተነቅለው ከውጭ በሚመጣ ሩዝና የቆርቆሮ ምግብ ሲኖሩ ስኳር በሽታ በረታባቸው፤ ጨረር ያመጣውን ብቻ ለሚፈልግ ሐኪም ግን ይህ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ለታማሚዋ ያው አንድ ገላ ነው።

የእነዚህን ሰዎች የሕክምና ዕቅድ እኔ ባወጣው ከመርከቡ አልጀምርም። ከደሴቷ ልጆች አንዷን አስተምሬ፣ ደመወዝ ቆርጬ እዚያው አስቀምጣታለሁ፤ እንደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ትዙር። መርከቡ ቢዘገይ የሚያዘልቅ የ6 ወር ክኒን በእጇ ይሁን። የስኳሩንም፣ የደም ግፊቱንም፣ የነፍሰ ጡሯንም እሷ ትያዝ። የእያንዳንዱ ሰው ካርድ በገዛ ቋንቋው ተጽፎ በገዛ ሣጥኑ ይቀመጥ። ስፔሻሊስቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

ለአክስቴ የ3 ወር ክኒን ከአዲስ አበባ ገዝቼ ልኬያለሁ። የጤና ኬላዋ ልጅ የሚያልቅበትን ቀን ስልኳ ላይ መዝግባዋለች፤ 2 ሳምንት ሲቀረው ትደውልልኛለች።