ስፒከራችሁ እምምም ስላለ ብቻ ኧርዙን እንዳታስቆርጡ

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። አምና ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር ገዛሁ፣ ከላፕቶፑና ከዲሽ ሪሲቨሩ ጋር አገናኘሁት፣ ይሄ ቀላል ነው። ችግሩ ምንም ሳይከፈት እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይላል፣ ማታ ሰፈሩ ጭር ሲል ደግሞ የማሲንቆውን ቀጭን ድምፅ ይውጠዋል።

ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። «የኧርዝ ችግር ነው» አለኝ፣ እሱስ እውነቱን ነው፣ ግን ምን አደረገ፣ ስፒናውን ፈታና ኧርዟን፣ ማለትም ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የምትወስደውን ቢጫና አረንጓዴ ገመድ በፒንሳ ቆርጦ በናስትሮ ጠቀለላት። ወዲያው ጸጥ አለ። አመስግኜ ከፍዬ ሸኘሁት። በአራተኛው ቀን እናቴ ቤቱን እየወለወለች በእርጥብ እጇ የአምፑን (የአምፕሊፋየሩን) ብረት ነካችው፣ «ኧረ ልጄ ነዘረኝ!» ብላ ጨርቁን ወረወረችው። ሮጬ ቴስተር ሳስጠጋው መብራቷ ቦግ አለች። ጉልበቴ ከዳኝ። ያ ሰውዬ ሙያዬ ነው ብሎ እንዴት እንዲህ ያደርጋል እያልኩ እስከዛሬ ይከነክነኛል፣ ቆሜ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔም ጥፋተኛ ነኝ።

በዚህ አላበቃም። ሌላው ባለሙያ ደግሞ «ለሙዚቃው ለብቻው ኧርዝ ይቀበርለት» አለኝ። ጓሮ ቆፍረን የመዳብ ዘንግ በከሰልና በጨው ቀበርን፣ ከቤቱ ኧርዝ ጋር ግን አላገናኘነውም። እምምምታው ባሰበት! ምክንያቱም ኧርዙ ሁለት መንገድ ሲያገኝ ቀለበት ይሠራል፣ በቀለበቱ የሚዞረው ትንሽ ከረንት በድምፅ ገመዱ ሺልድ (የውጭ የብረት ሽፋን) በኩል አልፎ ስፒከሩ ላይ 50 ኸርዝ ሆኖ ይሰማል። አደጋም አለው። በጋ ላይ አፈራችን ሲደርቅ የዘንጉ ሬዚስታንስ (ኮረንቲን የመከልከል አቅሙ) ይጨምራል፣ 20 ኦም ቢሆን እንኳ ኮረንቲ ብረቱን ቢነካ 220 ቮልት ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው፣ ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወርድም፣ ብረቱ ኮረንቲ እንደያዘ ይቀመጣል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ራሴ ቁጭ ብዬ ገመዱን አንድ በአንድ ነቀልኩ። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ስፈታው ጭጭ። ለካ የዲሹ ቋሚ ብረት ግቢ ውስጥ መሬት ተቀብሮ በሲሚንቶ የታሰረ ነው፣ ሁለተኛው ኧርዝ እሱ ኖሯል!

ያስቆረጥኩትን ኧርዝ አስቀጠልኩ፣ ለብቻው የቀበርነውን ዘንግ ከአምፑ ለየሁት፣ ላፕቶፑን አምፑንና ሪሲቨሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካሁ፣ በሪሲቨሩና በአምፑ መሀል ድምፁን አሳልፎ የኧርዙን ቀለበት የሚቆርጥ ትንሽ የድምፅ አይሶሌተር ትራንስፎርመር አስገባሁ። አለቀ። «ባለሙያ ሳትጠሩ አትንኩ» ይባላል፣ ስፒናና ብሬከር ላይ እኔም እስማማለሁ፣ የድምፅ ገመድ ግን አምፑን አጥፍታችሁ ራሳችሁ ንቀሉ። ሁሉም ተነቅሎ አሁንም እምም ካለ ጣጣው አምፑ ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ ኮረንቲውን የሚያጣራው ካፓሲተር አርጅቶ ነው። ወርቅ ቅብ ጃክ ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ፣ ገዝቼ ምንም አልቀነሰልኝም።

እናቴ ግን አሁንም ቤት ልትወለውል ስትል መጀመሪያ «አጥፋው» ትለኛለች። ከሶኬቱ ነቅዬ ገመዱን አሳያታለሁ።