የጅማን ክረምት የሚችል ሶላር፦ ፓኔሉ፣ ባትሪውና ኢንቨርተሩ ስንት ይሁን?

ጅማ ላይ የቤት ሶላር ሲሰላ መነሻው የጥር ፀሐይ ሳይሆን የሐምሌና የነሐሴ ደመና መሆን አለበት። በበጋ ማንኛውም ሶላር ያምራል፤ ባትሪው ገና በቀትር ይሞላል፣ ባለቤቱም ተመስገን ብሎ ይተኛል። ሐምሌ ሲገባ ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረው) መጮህ ይጀምራል፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ከዚያ "ባትሪው ሞተ" ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ምንም አልሆነም። ፓኔሉ ስላነሰው ቀን አልሞላም፣ ያልሞላ ባትሪ ደግሞ ማታ የሚሰጠው የለውም።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ቤታችሁ በቀን ስንት ዋት ሰዓት እንደሚበላ እወቁ። የዕቃውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት ማባዛት ብቻ ነው። ሄርማታም ይሁን ጅሬን አንድ መካከለኛ ቤት እንውሰድ። ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 270፣ ባለ 70 ዋት ቴሌቪዥን ለ5 ሰዓት 350፣ ሪሲቨሩ 75፣ አራት ስልክ 60፣ ባለ 60 ዋት ላፕቶፕ ለ3 ሰዓት 180፣ ቀንና ሌሊት የማይጠፋው ዋይፋይ 240፣ ትንሽ ፍሪጅ 1,000። ድምሩ 2,175 ዋት ሰዓት ነው።

ፍሪጁ ላይ በግምት አትሂዱ። ሞተሩ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት በ24 ብታባዙት የተጋነነ ቁጥር ይሰጣችኋል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ ካገኛችሁ አንድ ሙሉ ቀን ሰክታችሁ አንብቡ። ካልተገኘም የቤቱ ቆጣሪ ይበቃል፦ ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ ፍሪጁን ብቻ ለ12 ሰዓት ተዉትና ቆጣሪው ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደቆጠረ እዩ። ሌሊት በሩ ስለማይከፈትና አየሩም ስለሚቀዘቅዝ የሌሊቱን ንባብ እጥፍ አድርጋችሁ ሩቡን ጨምሩበት።

የእንጀራ ምጣድ እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። 3,500 ዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት 5,250 ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህ ከላይ ካለው የቤቱ የሙሉ ቀን ፍጆታ ከእጥፍ በላይ ነው። ምጣዱን መብራት ሲኖር ለመብራት፣ ከሌለም ለማገዶ ተዉለት። ቡናም እንዲሁ። ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ እስከ በረካ ድረስ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ 1,500 ዋት ሰዓት ይሄዳል፤ በቡናው አገር ቡና ይቅር የሚል የለም፣ ከሰል ላይ ይፈላ እንጂ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ነው። ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ ስለተቀመጠ ብቻ፣ 25 ዋት የሚወስድ ኢንቨርተር በ24 ሰዓት 600 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ትላልቆቹ 50 ዋትና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ፤ ያ ማለት ቤቱ ሁለተኛ ፍሪጅ አለው ማለት ነው። "ለማንኛውም ትልቁን እንውሰድ" የሚለውን ምክር የማልወደው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩን ሲቀይር 10 በመቶ ያህል ይባክናል። 2,175 ለ0.9 ሲካፈል 2,417፤ 600 ሲጨመርበት በክብ ቁጥር 3,000 ዋት ሰዓት። ቤቱ በቀን የሚፈልገው ይህን ነው።

አሁን ወደ ፓኔሉ። ፓኔል ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ቀኑን ሙሉ የወረደውን ብርሃን ወደዚህ ልክ ብንሰበስበው በበጋ 6 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለክረምት ግን 3.5 ሰዓት ይዛችሁ አስሉ። በአቧራ፣ በሙቀት፣ በገመድና በባትሪ መሙላት የሚጠፋውን ለማካካስ በ0.75 ይባዛል። 3.5 በ0.75 ሲባዛ 2.625፤ 3,000 ለዚህ ሲካፈል 1,143 ዋት ይመጣል፤ ሁለት ባለ 580 ዋት ወይም ሦስት ባለ 400 ዋት ፓኔል ማለት ነው። ያው ስሌት በበጋው 6 ሰዓት ቢሠራ 667 ዋት ይወጣል። ርካሽ ሆኖ የሚቀርብላችሁ ዋጋ ብዙ ጊዜ በዚህ ቁጥር የተሠራ ስለሆነ "በስንት ሰዓት ፀሐይ ነው ያሰላኸው?" ብላችሁ ጠይቁ። የተረፈው የበጋ ኃይልም አይባክንም፤ ካውያና ልብስ ማጠቢያ ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊሠሩበት ይችላሉ፣ ኢንቨርተሩ ዋታቸውን እስከቻለ ድረስ።

አቅጣጫው ላይ "ወደ ደቡብ አዙረህ ቀጥ አድርገው" የሚል ምክር ከሩቅ አገር እየተቀዳ ይመጣል። ጅማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምታልፈው በሰሜናችን በኩል ነው፤ ሰኔ 14 አካባቢ ከአናታችን ወደ ሰሜን 16 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ የተጋደመ ፓኔል በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከቀጥታ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ያጣል፣ ያውም ብርሃን በጠፋበት ወር። 10 ዲግሪ ቢሆን የሚያጣው 10 በመቶ ነው። ስለዚህ 10 ዲግሪ ይበቃል። ጨርሶ ጠፍጣፋም አይሁን፤ ውኃው ታችኛው ጠርዝ ላይ ይተኛና በዚህ እርጥበት አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል። የቤታችሁ ቆርቆሮ ምሥራቅና ምዕራብ ካየ ምሥራቁን ምረጡ፤ በክረምት ጠዋት ፈካ ብሎ ከሰዓት በኋላ የሚደምንበት ቀን ይበዛል። ሰሜን ያየ ጣሪያም ቁልቁለቱ እስካልበዛ ድረስ ለክረምት አይከፋም።

የአቮካዶና የባሕር ዛፍ ጥላን ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ እዩ። አንዲት ቅርንጫፍ ጥቂት ሴሎች ላይ ስታጠላ የፓኔሉን ሲሶ ኃይል ልታስቀር ትችላለች። ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከሥሩ አየር ይለፍበት። ብሎኑ የሚበሳው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሆኖ እንጨቱን መያዝ አለበት፤ ሸለቆው ላይ የተበሳ ጣሪያ ያፈሳል።

አሁን ደግሞ ኮንትሮለር (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረውን ዕቃ) የሚያቃጥለው ስህተት። አንድ ትልቅ ፓኔል ምንም ሳይያያዝበት የሚሰጠው ቮልት 49.5 ይሁን። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ 99 ቮልት ነው፤ ኮንትሮለሩ እስከ 100 ይችላል፣ ስለዚህ ልክ ይመስላል። ነገር ግን ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፣ በአንድ ዲግሪ 0.27 በመቶ ገደማ። በታኅሣሥ ብርዳም ጠዋት ፓኔሉ ከተለካበት 25 ዲግሪ ወርዶ 5 ዲግሪ ላይ ሆኖ ፀሐይ ስታርፍበት 99ኙ ከ104 ያልፋል፣ ኮንትሮለሩም ሊቃጠል ይችላል። ከ15 እስከ 20 በመቶ ትርፍ ተዉ። በተቃራኒው፣ አንዳንድ ኢንቨርተሮች ፓኔሉ 120 ቮልት ካልሰጣቸው ሥራ አይጀምሩም፤ በሥራ ላይ ተደምረው 83 ቮልት የሚሰጡ ሁለት ፓኔሎች እነዚህ ላይ ዋጋ የላቸውም፣ ሦስት ይፈልጋሉ። የኢንቨርተሩን ወረቀት ሳታነቡ ፓኔል አትግዙ።

ባትሪው ላይ እኔ ሊቲየም እላለሁ፣ ምክንያቱም ክረምቱ ነው። ጄልም ሆነ ባለ አሲድ ባትሪ ሳይሞላ ሳምንታት ከቆየ ውስጡ ሰልፌት ይጋግራል፣ አቅሙም አይመለስም። ሊቲየም በግማሽ መቆየቱ አይጎዳውም። ከሊቲየሙ 80 በመቶውን ብቻ ስለምትጠቀሙ ለአንድ ሙሉ ቀን 3,000 ዋት ሰዓት ለ0.8 ሲካፈል 3,750 ነው፤ ባለ 25.6 ቮልት 150 አምፒር ሰዓት ሊቲየም 3,840 ስለሚይዝ ልክ ይሆናል። በጄል ከሄዳችሁ ግማሹን ብቻ ስለምትጠቀሙ 6,000 ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓቱ 2,400 ስለሆነ ሦስት የሚበቃ ይመስላል፤ በ24 ቮልት (ባለ 25.6ቱም የሚጠራው በዚህ ነው) ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚያያዙት፣ ስለዚህ አራት። መብራት ያለበት ከተማ ውስጥ ሆናችሁ የምትሸፍኑት የማታውን መቋረጥ ብቻ ከሆነ ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ይበቃል። ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ሆኖም መብራት መጥፋቱ አልቀረም፤ ቢሆንም ተመልሶ ይመጣል። ዴዶ ወይም ማና ገጠር መስመር ላልደረሰው ቤት ግን ሙሉው ስሌት ነው የሚሠራው።

ኢንቨርተሩ የሚለካው አንድ ላይ በሚበራው ነው። በምሳሌያችን ቤት ሁሉም ቢበራ ፍሪጁን ጨምሮ 330 ዋት አካባቢ ነው። የፍሪጅ ሞተር ሲነሣ ግን ለቅጽበት ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል፤ 120 ዋቱ እስከ 840 ይደርሳል። 1,500 ዋት ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመር መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ ኢንቨርተር) ይበቃዋል። ሳይን ያልሆነው ርካሹ የፍሪጅ ሞተር ያግላል፣ ድምፁም ይታወቃል። 3,000 ዋት ካማራችሁ ደግሞ ከ24 ቮልት ባትሪ 140 አምፒር ገደማ እንደሚስብ አስቡ። የባትሪው መከላከያ 100 አምፒር ከሆነ ትልቅ የውኃ ማፍያ ሲሰካ ቤቱን ሊያጨልመው ይችላል።

ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የሚሄደው ገመድ ከ1.5 ሜትር አይርዘም፤ ለ1,500 ዋት በ24 ቮልት 25 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለ3,000 ዋት 50። ፊውዝ በባትሪው አጠገብ። ለፓኔሉ መስመር የዲሲ (ፓኔልና ባትሪ የሚሰጡት ዓይነት ኤሌክትሪክ) ብሬከር ብቻ፤ የቤት ብሬከር የዲሲን ብልጭታ ማጥፋት አቅቶት ይቀልጣል። የጅማ መብረቅ የታወቀ ስለሆነ አርዝና የሰርጅ (ድንገተኛ የቮልት ጭማሪ) መከላከያ አይቅሩ።

ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ጥሩ ፓኔል በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 230 ዋት ይሰጣል፣ ባለ 550ው 2.28 በ1.13 ሜትር አካባቢ ነው። 1.2 በ0.55 ሜትር የሆነ ፓኔል ላይ "300 ዋት" ቢለጠፍበትም ከ150 አይዘልም። ባለ 200 አምፒር ሰዓት ጄልም 55 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በአንድ እጅ የሚነሣ ከሆነ ተዉት።

ከተገጠመ በኋላ በሐምሌ ባትሪውን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እዩ። ሦስት ቀን በተከታታይ 100 በመቶ ካልደረሰ መጀመሪያ ፓኔሉን እጠቡ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ሌሊት ዋይፋዩን አጥፉ። ከዚያም ካልሞላ የጎደለው ፓኔል ነው፤ ባትሪ ብትጨምሩበት ያልሞላ ባትሪ ቁጥር ነው የሚበዛው።