ክብደት እየቀነስኩ ስፖርት ስጨምር የመጣብኝን ድካም የተቋቋምኩበት መንገድ

ክብደት ለመቀነስ አመጋገቤን ካስተካከልኩ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የምሠራው ስፖርት የእግር ጉዞ ብቻ ነበር። ኪሎዬ እየወረደ ሰውነቴ ሲቀለኝ ሩጫና የጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ጨመርኩበት፤ ድካሙም የጀመረው ያኔ ነው። ስፖርት ከሠሩ በኋላ ከሚሰማው ደስ የሚል መዛል በጣም የተለየ ነበር። ጠዋት ስነቃ ጭራሽ እንዳልተኛሁ ያህል ይሰማኛል፣ ከሰዓት በኋላ ሐሳቤን ሰብስቤ መሥራት ያቅተኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጭኖቼ ይከብዱኛል፣ ማታ ደግሞ ያን ያህል ደክሞኝ እያለ እንቅልፍ ይርቀኛል።

የድካሙን ምንጭ ለማወቅ የበላሁትን፣ የተኛሁበትን ሰዓት፣ የሠራሁትን ስፖርትና ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የቆጠርኩትን የልብ ምት በየቀኑ መመዝገብ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ ድካሙ የሚብሰው ጠንካራ ስፖርት ሠርቼ ጥቂት በበላሁበት ቀን ማግስት ሲሆን፣ በእነዚያ ጠዋቶች የልብ ምቴም ከወትሮው ከፍ ይል ነበር።

«ይህ ሁሉ ስብ በሰውነቴ ተከማችቶ እያለ ጉልበት እንዴት ያጥረኛል?» የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያስጨንቀኝ ቆይቷል፤ ክብደት የሚቀንስ ሰው ሁሉ መልሱን አስቀድሞ ቢያውቀው እመኛለሁ። ሰውነታችን ለፈጣንና ለከባድ እንቅስቃሴ በዋናነት የሚጠቀመው በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ የሚያስቀምጠውን ስኳር ነው። የዚህ ክምችት መጠን በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ በአማካይ 500 ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ስብ ግን ብዛቱ ቢያስተማምንም ወደ ኃይል የሚለወጠው በዝግታ በመሆኑ ለጠንካራ ሩጫ ብቻውን አይደርስም። ስለዚህ ኃይል ሰጪ ምግብ ቀንሶ ስፖርት የሚጨምር ሰው ያወጣውን ግላይኮጅን ሳይተካ ለሚቀጥለው እንቅስቃሴ ይነሳል። ስሌቱም ቀላል ነው፦ ከምግብ በቀን 500 ካሎሪ የቀነሰ ሰው 400 ካሎሪ የሚያቃጥል ስፖርት ቢጨምር የቀኑ ጉድለት ወደ 900 ይጠጋል።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ በቅድሚያ ያደረግኩት ስፖርት በምሠራባቸው ቀናት የምግቤን መጠን ከፍ ማድረግ ነው። ከስፖርቱ አንድና ሁለት ሰዓት በፊት ለሆድ የማይከብድ ኃይል ሰጪ ምግብ፣ ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ ፕሮቲን ያለበት ሙሉ ምግብ መብላት ጀመርኩ። ጡንቻዬ ከስቡ ጋር አብሮ እንዳይቀንስ የቀኑን ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቴ 1.6 ግራም ገደማ አድርጌ በየማዕዱ አከፋፈልኩት። ምግብ በጨመርኩ ሰሞን ሚዛኑ ትንሽ ከፍ ማለቱ አስደንግጦኝ ነበር፤ ሆኖም እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ ጭማሪው ስብ እንዳልሆነ ሳውቅ ተረጋጋሁ። ከዚያ በኋላ ክብደቴ የሚወርደው ከበፊቱ በዝግታ ቢሆንም መውረዱን አላቆመም።

ስፖርቱንም አስተካከልኩት። ጠንካራ እንቅስቃሴዎች በተከታታይ ቀናት እንዳይውሉ አድርጌ፣ አብዛኛውን ሩጫዬን ዓረፍተ ነገር እየጨረስኩ መነጋገር በምችልበት ፍጥነት መሮጥ ጀመርኩ። በየጥቂት ሳምንቱም መጠኑን በግማሽ ያህል የምቀንስበት ሳምንት አለኝ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ለውጦች ለመቀበል የሚከብደው፣ ብዙ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ማታ ቢያንስ ሰባት ሰዓት እተኛለሁ። ካፌይን በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከምሳ በኋላ ቡና መጠጣት ትቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ሐኪም ዘንድ ሄጄ የደም ምርመራ አድርጌያለሁ፤ ለሌሎችም አጥብቄ የምመክረው ነው። የደም ማነስ፣ የብረት ክምችት ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ችግር ተመሳሳይ ድካም ያመጣሉ፤ በምግብና በዕረፍት ብቻ ላይስተካከሉም ይችላሉ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ክብደቱ ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን ሊበዛበትና ሊያዞረው ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል። የወር አበባ መቅረት ሰውነት በቂ ምግብ አለማግኘቱን ሊያመለክት ይችላል። በስፖርት ጊዜ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካጋጠመ ግን ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

አሁንም ከከባድ እንቅስቃሴ ማግስት እግሮቼ ይዝላሉ፤ ይህ በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚለቅ ድካም ነው። እስከ ሁለተኛው ቀን ከቀጠለና የጠዋቱ የልብ ምቴም ከፍ ካለ፣ የዕለቱን ሩጫ በእግር ጉዞ እተካለሁ፣ የምግብ ቅነሳውንም እስኪሻለኝ ድረስ አቋርጠዋለሁ።