አባዬ ሲያለቅስ ስልኩን አትውሰዱበት

ፍራንክፈርት ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች አነሳለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ባሕር ዳር ያለውን የገዛ አባቴን ስትሮክ ሲመታው ግን የሰማሁት ከ11 ቀን በኋላ ነው። «ደም ግፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎበት ነው» ነበር ያሉኝ። ስደት ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ታውቁታላችሁ።

ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። አንደበቱም ተያዘ። በቪዲዮ ገና ሲያየኝ ያለቅሳል። ወንድሜ ወዲያው ስልኩን ይወስድበታል። «አታስለቅሺው እንጂ!» ይለኛል። በየቀኑ የነበረው ስልክ በሳምንት አንዴ ሆነ።

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ነው የሚውለው፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን እፊቱ ተቀምጠው «ይሰማል እንዴ?» ብለው እናቴን ይጠይቃሉ። ይሰማል። መናገር ነው ያቃተው።

ለቅሶው ሁልጊዜ ሐዘን እንዳልሆነ ለቤተሰቡ አስረዳሁ። አንጎል ውስጥ ለቅሶንና ሳቅን የሚቆጣጠረው ክፍል ሲጎዳ እንባ ሳይታሰብ ይመጣል። ቡና ሲቀርብለትም ያለቅስ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ነው። ምግብ ይገፋል። ሌሊት ጣራ ጣራውን ሲያይ ያድራል። ፊዚዮቴራፒ ሲባል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስትሮክ ከመታቸው 3 ሰዎች አንዱን ገደማ ድብርት ይይዘዋል። የእምነት መጉደል አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ይታከማል። ካልታከመ ሰውነትም ቶሎ አያገግምም።

ለክትትል ስንሄድ ግፊቱን ለክተው ሊሸኙን ነበር። «ስሜቱስ? እንቅልፉስ?» አልኩ። ሐኪሙ ያኔ ቀና ብሎ አባዬን ራሱን ጠየቀው። የድብርት መድኃኒት አዘዘለት፤ ለውጡ ሳምንታት እንደሚፈጅም ነገረን። እማዬ ጠበል ይሂድ አለች። ኪኒኑ እንዳይቋረጥ ብቻ ለመንኳት። ሁለቱም ሆነ። ወንድሜም ደክሞት ቁጭ ባለበት ያንቀላፋ ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ተካችው።

አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ በባጃጅ ጣና ዳር እንወጣለን። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ያያል። አንድ ቀን በግራ እጁ ወደ አንዱ ጠቆመ። «ደ…» አለ። ቃሉን አውቄዋለሁ። ልጨርስለት አማረኝ፤ ምላሴን ያዝኩ። ባለ ቡናዋ ሁለተኛውን ሲኒ ቀድታልኝ ሄደች። ግንባሩን ላብ አቸፈቸፈው። «ደን… ደንገል!» ታንኳው የሚሠራበትን ተክል ስም ነው የጠራው። ሳቀ። ሳቁ ወደ ለቅሶ ተገለበጠ። እጁን ይዤ ዝም አልኩ።

አሁን ፍራንክፈርት ተመልሻለሁ። ወንድሜ ስልኩን አይወስድበትም። አባዬ ሲያለቅስ እስኪያበቃ ሁላችንም እንጠብቃለን። ትናንት ትንሽ ቆየ። ከዚያ እንባውን በግራ እጁ ጠረገና ስክሪኑን ተጠግቶ፣

«በ… በላሽ?» አለኝ።